ለዶሮ የተባለው ጎመን

ሸጋዬ እባላለሁ። መካነ ሰላም ገበያ ላይ ጎመን፣ ቆስጣና ካሮት ስሸጥ ብዙ ዓመቴ ነው። ምላሰኛ ናት ይሉኛል፤ ይበሉ። የእትዬ ሀዲያን ነገር ሳወራ ግን እኔም ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ፤ የበደልኳቸው ነገር አለና።

እትዬ ሀዲያ ጎረቤቴ ናቸው። ስልሳ ካለፋቸው ቆይቷል፣ ባላቸውም ሞተዋል። ልጃቸው ራሕማ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች፤ ወንድ ልጃቸው ሙሐሲን ኮምቦልቻ ሆኖ የጭነት መኪና ይነዳል። ድሮ እርሻ ሲውሉ ወንድ የሚያስንቁ ሴት ነበሩ። ራሕማ ከሄደች ወዲህ ግን "እማ፣ ከእንግዲህ አትልፊ" ተባሉና ተቀመጡ። ምግባቸው ሩዝ፣ ፓስታና ነጭ ዳቦ፣ አልፎ አልፎም ሥጋ ሆነ። ጎመን ቤታቸው አይገባም። በሰባ ሰባቱ ረሃብ ቅጠል ቀቅለው ነው የተረፉት፤ "ያን ቀን አላህ አይመልሰው" ይላሉ። ደግሞ ልጇ ዐረብ አገር ያለች እናት ጎመን ስትቀቅል ከታየች፣ ሰፈሩ "ልጇ ረስታታለች" ብሎ ማማቱ አይቀርም። ይህን የማያውቅ የእኛ አገር ሰው የለም።

የካቲት ላይ እትዬ ሀዲያ የቀትሩን ሶላት ዙሁርን ሲሰግዱ፣ ግንባራቸውን መሬት ለማስነካት ሱጁድ ወረዱና መነሳት አቃታቸው። እግራቸው እንቢ አለ። እስከ ዐስር ሶላት ድረስ መስገጃቸው ላይ በጎናቸው ተኝተው ቆዩ፤ እኔ ከገበያ ስመለስ ሲጣሩ ሰምቼ ነው ያነሳኋቸው። ሙሐሲን ይህን ሲሰማ በስልክ ቁርጡን ተናገረ። "ለዐረፋ እመጣለሁ። ያኔ በራስሽ ከመሬት መነሳት ካልቻልሽ ቤቱን ቆልፈን ከእኔ ጋር ትሄጃለሽ" አላቸው።

እትዬ ሀዲያ አለቀሱ። "ሸጋዬ፣ ባሌን የሸኘሁት ከዚህ ቤት ነው። የልጄ ሚስት ቤት ጥግ ይዤ ልሙት?" አሉኝ።

ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። መሰረት የምትባለው ነርስ እግራቸውን አየች፤ እጇንም አስጨበጠቻቸው። "በደንብ ይጨብጡኝ እንጂ" አለች። ለካ የቻሉትን ያህል ጨብጠዋል።

"ስብራት የለም፤ ጡንቻዎ ነው የደከመው" አለች። "ሥራ ሲቀር፣ ምግቡም አንድ ዓይነት ብቻ ሲሆን ጉልበት ይሸሻል። ቅጠላ ቅጠል የሚያዘወትሩ ሰዎች እግራቸው ጠንከር ይላል ይላሉ ያጠኑት። ጎመን ይብሉ፣ ቆስጣ፣ ቀይ ሥር ይብሉ፤ ምስርና ባቄላም አይቅር። ግን ጎመን ብቻውን አያነሳዎትም። በየቀኑ ከወንበር ብድግ ቁጭ እያሉ ይለማመዱ።"

"እሺ ልጄ" አሉ። ከግቢው ስንወጣ ግን "ጎመን አለችኝ እኮ! ላም መሰልኳት?" ብለው ተበሳጩ።

ሳምንት አለፈና እንዳልሰማ ሰው መደቤ አጠገብ ቆሙ። "ሸጋዬ፣ እስቲ ጎመን ስጪኝ። ለዶሮዎቼ ነው" አሉ።

"ዶሮ ገዙ እንዴ?"

"አዎ" አሉ፣ ወደ ሌላ እያዩ።

ገበያተኛ ተኮልኩሎብኝ ነበር። ለዶሮማ ከሆነ ብዬ የጠወለገውን፣ ቢጫ የሆነውን፣ ትል የቀመሰውን ከሥር ጠራርጌ ሰጠኋቸው። ከዚያ በኋላም በመጡ ቁጥር እንደዚያው። ሒሳብ ስለማልቀበላቸው ደግሞ ራሴን ደግ አድርጌ ቆጥሬዋለሁ!

ወር ሲሆነው አንድ ቀን ወንፊት ልዋስ ብዬ ቤታቸው ዘው አልኩ። እትዬ ሀዲያ ድስት አጠገብ ተቀምጠው ይበላሉ። ሳህኑን በሻርፓቸው ሊሸፍኑት ሲታገሉ አየሁት፤ ያ ቢጫ ቅጠሌ ነው።

"ዶሮዎቹስ?" አልኩ።

ግቢው ውስጥ አንድ ላባ እንኳ የለም።

"ውይ እኔን! አፈር ልብላ!" ብዬ እዚያው ቁጭ አልኩ።

"አብሽሪ፣ ደህና አድርጌ አጥቤዋለሁ" አሉኝ። "ብቻ ለሰው እንዳትነግሪ። ራሕማዬን ያሙብኛል።"

ንድድ አለኝ። መጀመሪያ በእሳቸው ተናደድኩ፤ ለእኔ መዋሸት ምን አመጣው? ቀጥሎ ግን በራሴ። ለጎረቤት ዶሮስ ቢሆን ትል የቀመሰው ይሰጣል? ሁለታችንም አለቀስን፤ ወላሂ እንደ ሕፃን ነው የተነፋረቅነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማለዳ የተቆረጠውን ጎመን በዘንቢል ሸፍኜ አመጣላቸው ጀመር። ቆስጣውን ከምስር፣ ቀይ ሥሩን ከድንች ጋር ሠራን። በልተን ስንጨርስ ብድግ ቁጭ ነው። እሳቸው "ቢስሚላህ" ብለው ይነሳሉ፣ እኔ "በስመ አብ" ብዬ እከተላለሁ። መጀመሪያ ግድግዳ ይዘው ነበር፤ ቀጥሎ እጄን፤ ሚያዝያ ሲያልቅ ጉልበታቸውን ብቻ ይዘው ከወንበር ተነሱ። ከመሬት መነሳቱ ግን አንድ ቀን ይሆናል፣ አንድ ቀን ይከዳቸዋል።

ለዐረፋ ሙሐሲን መጣ። ገና ሳይቀመጥ ፍራሽ የሚያስርበት ገመድ ጠየቀ። እትዬ ሀዲያ መስገጃቸውን ቤቱ መሐል አነጠፉና ተቀመጡ። "ማንም እንዳይነካኝ" አሉ።

አንድ እግራቸውን አጠፉ፤ መዳፋቸውን መሬት አስደገፉ። ጉልበታቸው ተንቀጠቀጠ። ዘልዬ ልይዛቸው ስል ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ፤ ከንፈሬን ነክሼ ቆምኩ። ቀስ ብለው፣ በጣም ቀስ ብለው ቀጥ አሉ።

"አልሐምዱሊላህ!" ሲሉ እልል አልኩ።

ሙሐሲን "በዕድል ነው" አለ።

እትዬ ሀዲያ ተመልሰው ተቀመጡ፤ ደግመው ተነሱ። ከዚያ መስገጃውን ወደ ጎን አድርገው "በል አንተም ሞክራት" አሉት።

ሳቀና መሬት ላይ ተዘረፈጠ። ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጦ የሚውል፣ ሆዱ የቀደመው ጎልማሳ ነው። ወደ ፊት አለ፣ ወደ ጎን አለ፤ እጁን ሰደደ፣ ግድግዳው ሩቅ ነው። "ኧረ ወገቤን!" ብሎ ተመልሶ ቁጭ አለ። እኔ ሳቄን መያዝ አልቻልኩም። እትዬ ሀዲያ ግን አልሳቁም። ጎንበስ ብለው እጃቸውን ዘረጉለት።

"ያዝ ልጄ" አሉት።

ስበው አቆሙት። ከቆመም በኋላ እጃቸውን አልለቀቀም፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። "እማ፣ ልጦርሽ እኮ ነበር የመጣሁት" አላቸው።

በማግስቱ ብቻውን ሄደ።