ቬርና እና አጫራቿ ልጇ

ከቬርና ሎክሃርት ጋር የተዋወቅነው በጎመን ምክንያት ነው። ፍየሎቿ አጥሬን ጥሰው ገቡና ጎመኔን ሙልጭ አድርገው በሉት። እኔ በረንዳዬ ላይ ቆሜ ስጮህ እሷ በባዶ እግሯ እየሮጠች መጣችና፣ ይቅርታ ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ ሳቋ አሸነፋት። እኔም ሳቅሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ እዚህ ምሥራቅ ቴነሲ ኮረብታዎች ሥር፣ ሃርመን ክሪክ ውስጥ፣ እንደ እህትማማች ነው የኖርነው።

ባሏ ድዋይት የመብራት መሥመር ሠራተኛ ነው፤ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ምሰሶ ላይ ይወጣል። ልጆቻቸው ሦስት ናቸው፦ ኤዝራ፣ ዊላ፣ መጨረሻው ቶቢን። የመካከለኛዋ፣ የዊላ፣ ምላስ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ይያያዛል። ቤት ውስጥ ይህን ከቁም ነገር የሚቆጥረው አልነበረም። እየተንተባተበችም ቢሆን ከሁሉም በላይ የምታወራው እሷ ነበረች።

ሦስተኛ ክፍል ስትገባ አስተማሪዋ ልጆቹን በየተራ እያስነሳች ጮክ ብለው እንዲያነቡ ታደርግ ጀመር። የዊላ ተራ ደረሰና የመጀመሪያው ቃል ላይ ተያዘች። ከኋላ አንዱ ልጅ፣

«ሲዲው ተጭሯል! አንድ ሰው መታ ያድርጋት!» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ።

ዊላ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ በዚያ ክፍል ውስጥ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ክረምቱ አለፈ፣ በረዶው ቀለጠ፣ ልጅቱ ዝም እንዳለች ናት። ቬርና ይህን ያወቀችው ለወላጆች ስብሰባ የሄደች ዕለት ነው።

«ዊላ በጣም ጨዋ ናት፤ ድምጿ እንኳ አይሰማም» አለቻት አስተማሪዋ ፈገግ ብላ።

«ድምጿ አይሰማም?» አለች ቬርና። «የእኔዋ ዊላ? ቤት እኮ እባክሽ ትንሽ ጆሯችን ይረፍ ብለን ነው የምንለምናት!»

በማግስቱ ቢጫው የተማሪዎች አውቶቡስ በራቸው ላይ ቆሞ ጥሩምባውን ሲነፋ ዊላ አልወጣችም። የወጣችው ቬርና ነበረች፣ በሌሊት ልብሷ።

«ሂድ ሬይፎርድ» አለችው ሾፌሩን። «ዛሬም ነገም አትጠብቃት።»

ወሬው ከአውቶቡሱ ቀድሞ ከተማ ገባ። ከሰዓት በኋላ የድዋይት እናት ወይዘሮ ኦፓል ከነቦርሳቸው ደረሱ። ወይዘሮ ኦፓል ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚያው፣ ከአንደኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ባለው ትምህርት ቤት ያስተማሩ ሴት ናቸው፤ ፎቶግራፋቸው እስካሁን መተላለፊያው ላይ ተሰቅሏል። እኔ ቬርና ወጥ ቤት ተቀምጬ ስለነበር መውጫ አጣሁ።

«አንቺ ራስሽ ሁለተኛ ደረጃን በስንት መከራ ነው የጨረስሽው» አሏት። «ምን ልታስተምሪያት ነው?»

«የማላውቀውን አብረን እናነበዋለን፣ እማማ።»

«እኔ ዕድሜዬን የገበርኩበት ቤት ለልጅ ልጄ አይመጥናትም ማለትሽ ነው?»

«እርስዎ እዚያ ቢኖሩ ኖሮ ባላወጣኋት ነበር» አለች ቬርና።

ወይዘሮ ኦፓል ቦርሳቸውን አንስተው ወጡ። ከዚያ በኋላ የእሑድ ምሳ ላይ ሁለቱ ሲነጋገሩ የሚሰማው «ጨው አቀብዪኝ» እና «እንኩ» ብቻ ሆነ።

ቬርና መጀመሪያ ዊላን፣ በበጋው ማብቂያ ደግሞ ወንዶቹንም ቤት አስቀርታ ራሷ ታስተምራቸው ጀመር። ትኩሱ ዳቦና የቋሊማው መረቅ ከጠረጴዛው ላይ ይነሳል፣ መጻሕፍቱ ይዘረጋሉ። ሁሉም ነገር አማረ አልልም። ኤዝራ ከታሪክ ይልቅ የድዋይትን አሮጌ ሞተር መፍታት ይመርጥ ነበር፤ ቶቢን ማባዛት ሲባል ሆዱን ያመዋል። አንዳንድ ቀን ቬርና እኔ ዘንድ ትመጣና ወንበሩ ላይ ዘፍ ብላ፣

«ሉዌላ፣ እያበላሸኋቸው ቢሆንስ?» ትለኛለች።

«ካልጮህሽባቸው አይበላሹም» እላታለሁ።

«ዛሬ ጮኼባቸዋለሁ።»

«እንግዲያው ነገ ይቅርታ ትጠይቂያቸዋለሽ።»

ትጠይቃቸውም ነበር፤ ዓይኔ አይቷል።

በዚያ ቤት የማይሻር ሕግ አንድ ነበር። ዊላ የጀመረችውን ዓረፍተ ነገር ከዊላ በቀር ማንም አይጨርስላትም። ይህ ሕግ ለእንግዳም ይሠራል። አንድ ቀን ዊላ እኔ ቤት መጥታ፣ «አክስቴ ሉዌላ፣ የ... የ... የ...» ስትል፣ እኔ እጄን አጣጥፌ በትዕግሥት ጠበቅኋት። ለካ ልጅቱ «የኮክ ኬክሽ እያረረ ነው» ልትለኝ ኖሯል! ከምድጃው ያወጣሁት ከሰል ነበር። ቬርና ስትሰማ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ሕግ ሕግ ነው!» አለችኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን ወደ ከብት ጨረታው ትወስዳቸው ነበር። «ሒሳብ ያለው እዚያ ነው» ትላለች። አጫራቹ ሽማግሌው ባስኮም ናቸው፤ ሲያጫርቱ ቃላቸው እንደ ጅረት ይወርዳል፣ ትንፋሽ የሚወስዱበት ቦታ አይታወቅም። ወንዶቹ ጥጆቹን ያያሉ። ዊላ ግን ፊት ረድፍ ተቀምጣ የሽማግሌውን አፍ ታያለች፤ የእሷም ከንፈር አብሮ ይንቀሳቀሳል።

አንድ ጠዋት ቬርና እጇ ሳሙና እንደሆነ ወደ እኔ ሮጣ መጣች።

«ነይ» አለችኝ። «ምን ሆነ አትበይኝ፣ ዝም ብለሽ ነይ።»

ከፍየሎቹ ጋጣ ጀርባ አጎንብሰን በጣውላው ቀዳዳ አየን። ዊላ የተደፋ ባልዲ ላይ ቆማለች። አንዷን ፍየል ለቀሩት ፍየሎች እየሸጠች ነው።

«ሃያ ሃያ ሃያ፣ ማን ይጨምራል ሃያ አምስት፣ ጥርሷን እዩ ጡቷን እዩ፣ ሃያ አምስት አለኝ ሠላሳ ማን ይላል፣ አንተ ጢማሙ፣ አትፈር ሠላሳ በል...»

አንድም ቦታ አልተያዘችም። ቬርና ልቅሶዋ እንዳይሰማ የሽርጧን ጫፍ ነክሳ ቆየች። ልትገባ ነው ብዬ ስጠብቅ እጄን ይዛ በእግር ጣቷ ወደ ኋላ መለሰችኝ። «እሷው ትንገረኝ» አለች።

ዊላ በራሷ ጊዜ ነገረቻት። ቬርናም ባስኮም ዘንድ ወሰደቻት፤ ሽማግሌውም አስተማሯት፣ ትንፋሽ እንዴት እንደሚሰረቅ፣ ዓይን ከገዢው ላይ እንዴት እንደማይነሳ። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለች በአውራጃው ዓመታዊ ትርኢት ወጣቶች አሳድገው ያመጧቸውን ፍየሎች እንድታጫርት መድረኩን ለቀቁላት። አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ዊላ ማይክሮፎኑን ጨበጠችና ቃሉን እንደ ጅረት ለቀቀችው! ሰው እየሳቀ እጁን ያነሳል፤ ያልፈለገው ሁሉ ፍየል ገዝቶ ገባ። የኋላው ረድፍ ላይ ወይዘሮ ኦፓልን አየኋቸው። አጠገባቸው ያለችውን ሴት በክርናቸው ጎሸም አድርገው፣ «የማን ልጅ መሰለችሽ? የእኔ ናት፣ የልጄ ልጅ!» ይላሉ።

ከመድረክ ስትወርድ አንድ ሰው ስሟን ጠየቃት። «ዊ... ዊ... ዊላ» አለች። አንዲት ሴት ወደ ቬርና ዞራ፣

«ታዲያ ለምን ሁልጊዜ እንደዚያ አትናገርም?» አለቻት።

«ሁልጊዜ ፍየል ስለማትሸጥ» አለች ቬርና።

ዓመት ሳይሞላ፣ ራት ላይ፣ ዊላ ሹካዋን አስቀመጠች።

«ት... ት... ትምህርት ቤት መግባት እፈልጋለሁ። ሁለተኛ ደረጃ።»

ድዋይት ሚስቱን አየ። ሕጉ ሕግ ነውና ማንም አላቋረጣትም።

«ምን ጎደለሽ?» አለች ቬርና።

«ምንም። ግን ከ... ከዚያ ስወጣ ዝም ብዬ ነው የወጣሁት።»

ቬርና ተነሥታ የታጠበ ሳህን እንደገና ታጥብ ጀመር። በማግስቱ እኔ ዘንድ መጥታ ጨሰች። ይህን ሁሉ ዓመት ከሰው ሁሉ ተጣልቼ፣ አሁን ተመልሳ ልትሄድልኝ ነው፣ አለችኝ።

«ለምን ነበር ያወጣሻት?» አልኳት።

«እንድትናገር ነዋ!»

«ታዲያ ተናገረች እኮ።»

አፍጥጣ አየችኝና ሳትሰናበተኝ ወጣች። ሲያመሻሽ ግን ከዊላ ጋር የደብተር ቦርሳ ሊገዙ ሲሄዱ አየኋቸው።

ከሁሉ ያስገረሙኝ ወይዘሮ ኦፓል ናቸው። ከነቦርሳቸው ደርሰው፣ «አትላኪያት!» አሉ። «ልጅቱ እዚህ ነው አፏን የፈታችው። እዚያ ይስቁባታል።»

«እማማ፣ ይህን የሚሉኝ እርስዎ ነዎት?» አለች ቬርና፤ ያኔ ሁለቱም ሳቁ። ከተቀያየሙበት ዓመት ወዲህ አብረው ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው።

በመጀመሪያው ቀን አስተማሪው ራስሽን አስተዋውቂ አላት። ዊላ ቆመች። ስሟ ራሱ ጊዜ ወሰደ። ከጥግ አንዱ ሳቀ፣ ሌላው የቀረውን ሊሞላላት «ዊልማ?» አለ።

«ቆ... ቆይ» አለችው ዊላ። «አልጨረስኩም።»

ጨረሰችም። ስሟን፣ ቤቷን፣ ቤት ውስጥ እንደተማረች፣ ፍየል እንደምታጫርት፣ እየተያዘች እስከ መጨረሻው ተናግራ ተቀመጠች።

ቬርና ይህን ያልነገረችው ሰው የለም። ቤተ ክርስቲያን ተናገረች፣ ቤንዚን ስትቀዳ ተናገረች፣ ሱቅ ውስጥ ተሰልፈን ሳለ ከፊታችን ለቆመ ለማናውቀው ሰውዬ ተናገረች። «አልጨረስኩም አለቻቸው! በዚያው ቤት!» ሰውዬው ግራ ገብቶት እንኳን ደስ አለሽ አላት። እሷም አንገቷን ቀና አድርጋ፣ «አመሰግናለሁ» አለችው፣ የሚገባት ሰው እንደሚመልሰው።

አሁን ኤዝራ ጋራዥ ሥራ ይዟል። ቶቢን ቤት እንደቀረ ነው፤ ሰዋስው የሚያስተምሩት ወይዘሮ ኦፓል ናቸው። እሳቸውና ቬርና ነጠላ ሰረዝ የት ይግባ እያሉ ሲከራከሩ ድምጻቸው በመስኮቴ ይገባል፤ ዊላ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደግሞ የክርክሩ ገላጋይ እሷ ናት፣ ጊዜዋን ወስዳ፣ እነሱም እስክትጨርስ ጠብቀው።