የሐብተ ማርያም መሐላ

ሐብተ ማርያም የሻው ወደ ጃናሞራ ለምን ተመለሰ? ሌሎቹ የምክር ቤት እንደራሴዎች የባላገሩ ቁጣ እስኪበርድ አዲስ አበባ ተቀምጠዋል። እሱ ግን መጣ። ብዙ አስቤበታለሁ።

አባቱ ሸማኔ ነበር። እሱ ግን ፊደልና ዳዊት የመንደሩ ቄስ ከሆኑት ከመሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ተምሮ ጎንደር ሄደ፤ አራዳ ውስጥ በአንድ ሱቅ በረንዳ ተቀምጦ ማመልከቻ ይጽፍ ጀመር። ከጃናሞራ ለሙግት የመጣ ሁሉ የሚያስጽፈው እሱ ዘንድ ነበር። ምርጫ ሲመጣም ያ ሁሉ ባለጉዳይ መረጠው። ሕጉ ለተወዳዳሪ የሚጠይቀውን ንብረት ያሟላው ከእናቱ ከእናኑ በሚወርሰው ቁራሽ ርስት ብቻ ነበር።

በስድሳ ዓመተ ምሕረት የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ሲቀርብ፣ ሐብተ ማርያም ደግፎ እጁን አነሣ። ወሬው ጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን የደረሰው፣ «ርስታችን በገመድ ሊለካ ነው» ተብሎ ነው።

ሲመለስ የተሳፈረበት ማኪና ኮሶዬ ላይ ለምሳ ቆመ። ምግብ ቤት ያላት እንኳየሁ አወቀችው።

«አያ ሐብቴ፣ ምነው ነፍስህን ጠላሃት? ሻይህን ጠጣና ተመለስ።»

«ሻይሽ ሸጋ ነው» አላትና ማኪናው ላይ ወጣ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ከበበው። ባለ ብዙ ርስቱ ፋንታሁን ጀመረ።

«ክቡር እንደራሴ! አባትህ ጋቢ በክንድ ይለካ ነበር፤ አንተ ደግሞ መሬታችንን?»

ሰዉ ሳቀ። መሪጌታ ግን አልሳቁም።

«እጄን አላነሣሁም ብለህ ደጀ ሰላሙን ይዘህ ማል። እናምንሃለን።»

«ማል ልጄ!» አለች እናኑ ከሴቶቹ መካከል። «ንስሐውን እኔ እገባልሃለሁ!»

ሐብተ ማርያም ደጀ ሰላሙን አልነካም።

«አንሥቻለሁ። የአሥራት ግብር ገማቹ ቤታችን እያደረ በግ አሳረደን፣ ይቅርልን ብላችሁ አላስጻፋችሁኝም? አዋጁ አሥራትን ያስቀራል።»

«ገመዱስ?» ብሎ ጮኸ ፋንታሁን። ከዚያ በኋላ የሰማው የለም።

መሪጌታ ገዘቱ፤ የእርሱ መግቢያ ለሆነው ለእናኑ ቤት እሳት የሚያውስ፣ ውኃ የሚያቀብል ከቤተ ክርስቲያን የተለየ ይሁን። ጎረምሶች ቤቷ ገብተው ምድጃዋ ላይ ውኃ ደፉ።

ሐብተ ማርያም ከኪሱ ክብሪት አወጣ።

«መልሰው» አለች እናቱ። «ጎረቤት የነፈገኝን እሳት በክብሪት አልተካውም። አንተ ትሄዳለህ፤ እኔ ከማን ጋር ልኖር ነው?»

ሌሊቱን ሁለቱም ቁጭ ብለው አነጉት። ሲነጋ ሰዉ ለኪዳን ወደተሰበሰበበት ቤተ ክርስቲያን ሄደ፤ አሁን ደጀ ሰላሙን ያዘ።

«ከእናቴ ርስት እጄን አውጥቻለሁ። አልወርሰውም፤ በሱም ለምርጫ አልቀርብም። ግዝቱን ከእሷ ላይ አንሡ።»

«የምክር ቤቱ ወንበርስ?» አለ ፋንታሁን።

«ዘመኑ ሲያልቅ ለሌላ ነው። እፎይ በል።»

የሳቀ አልነበረም። መሪጌታ መስቀላቸውን አንሥተው፣ «እግዚአብሔር ይፍታት» አሉ፤ ቀና ብለው ግን አላዩትም።

ጎረቤቷ ባንቺአየሁ በገል ፍም ይዛ መጣች። እሱን ሰላም ሳትል አልፋ ምድጃው ውስጥ አስቀመጠችው። እናኑ ተንበርክካ እፍ አለች። ጭሱ ጣራውን ሲነካ ሐብተ ማርያም መደቡ ላይ ጋደም አለ፤ ጫማውን እንኳ አላወለቀም። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ እንቅልፍ ወሰደው።