«ደም» ብላ ጽፋ ኮከብ ያደረገችበት ዕለት

እኔ ትምህርቱን ከሁለተኛ ክፍል ነው የተውሁት። ቢሆንም የገዛ ቃሌን አይቼ አላጣውም። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የቋንቋ ትምህርት ትማራለች። ለመመረቂያዋ የእስቴንና የስማዳን ሙሾ ከየለቅሶው ሰብስባ ኮምፒውተር ላይ ጽፋዋለች። ለእረፍት ወደ ቤታችን፣ መካነ ኢየሱስ ስትመጣ፣ «እምዬ፣ ነይ ላሳይሽ» ብላ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«ደም» ብላ ጻፈች፤ ከኋላው ትንሽ ኮከብ አደረገችበት።

«ይቺ ኮከብ ምንድን ናት?»

«የቀረውን የምትሞላ ናት። ደምህ በይው፣ ደምሽ በይው፣ ደምና በይው፣ ከሁሉም ሙሾ ለቅማ ታመጣዋለች።»

እውነትም አመጣችው። መስመር በመስመር፣ «ደም» መሐል ላይ ቀልቶ፣ ግራና ቀኙ የሰው ለቅሶ። ቁልቁል ስወርድ የራሴን አገኘሁት፦

ከዋንዛው ሥር ያለህ፣ በር ዘግተህ ያደርኸው፣
ልጅ አሳድጌያለሁ ደም የሚመልሰው።

 ይህን ያልሁት ወንድሜ በድንበር ጠብ የተገደለ ጊዜ ነው፤ አንጀቴ አርሮ። ኋላ ሽማግሌና ካህን ገብቶ ደሙን አድርቆታል። እኛም የገዳዩ ወገኖችም መስቀል ፊት ቆመን፣ ሁለተኛ በአፋችን ላናነሳው ምለናል። ዛሬ ወንዱ ልጄ ከእነሱ ማሳ ጎን ነው የሚያርስ፤ ሲጠማውም ከእነሱ ቤት ይጠጣል። ይህን ቢሰሙ፣ እናቱ መሐላዋን በላች፣ ልጁም ቀን እየጠበቀ ነው አይሉም?

«አንቺ ልጅ፣ ወንድምሽን ልታስገድይው ነው?»

«ኧረ እምዬ! ስም እኮ የለበትም። የሰው ስም ሁሉ አውጥቻለሁ።»

«ሙሾ መቼ ስም ይጠራል? ከዋንዛው ሥር ሲባል የማን ደጅ እንደሆነ የማያውቅ በዚህ አገር ማን አለ?»

 ጭራሽ መምህሯም ዘንድ ቅጂ እንዳለ ነገረችኝ። ይባስ! አስደወልኋት።

«እናቴ፣ ካሉን ሁሉ የሚበልጠው የእርስዎ ነው» አሉኝ ሰውየው። «ግሩም ናሙና ነው።»

ናሙና! ወንድሜን ቀብሬ ያለቀስሁት፣ እንደ ገበያ እህል ተዘግኖ የሚታይ ናሙና ሆነ!

«ጌታው፣ የእርስዎ ልጅ ከገዳይ ማሳ ጎን አያርስም። ያውጡልኝ።»

«ቆልፈን እናስቀምጠው።»

«ተቆልፎ ምን ያደርግልኛል? ከነጭራሹ ይጥፋ!»

«እሺ፣ ልጅዎ ስትመለስ እናጠፋዋለን» አሉ።

ልጄ ከራሷ ኮምፒውተር እያየሁ አጠፋችው። ኮከቧን እንደገና ጻፈች፤ የእኔ አልመጣም።

«በቃ፣ አሁን ይቅለልሽ» አለችኝ።

ምኑ ይቀለኛል? የመምህሩን ማን አየልኝ? ያን ሰሞን ወንዱ ልጄ ከእርሻ እስኪመለስ ደጅ ደጁን ሳይ ሰነበትሁ። እሷ ልትሄድ ስትነሣ ነጠላዬን አጣፍቼ እስከ መናኸሪያው ተከተልኋት።

«እምዬ፣ ወዴት ነው?»

«ከመምህርሽ ዘንድ። ሲጠፋ በዓይኔ አያለሁ» አልኋትና ቀድሜያት አውቶቡሱ ላይ ወጣሁ።