በቃለ ጉባኤ የጸደቀው ሰርቨር

እንደሻው የሐኪም ጋራ ሰፈር ልጅ ነው። ፈረስ መጋላ አደባባይ አጠገብ ባለ አንድ የመዝገብ ጽሕፈት ቤት ተቀጥሮ መጀመሪያ የጽሕፈት መኪና ይጠግን ነበር፤ ኮምፒዩተር ሲመጣ እሱንም በራሱ ጊዜ ተማረና የቢሮው ብቸኛ የአይቲ ባለሙያ ሆነ። አንድ ክፉ አመል አለበት፤ ያነባል። ሰው ሁሉ ከካርቶኑ ጋር የሚጥለውን መመሪያ እሱ ቁጭ ብሎ ከዳር እስከ ዳር ይጨርሰዋል። እንዲህ ያለ ሰው መንግሥት ቤት ምን ይሠራል? ዘጠኝ ዓመት የጠበቀው የክፍል ኃላፊነት ዕድገት እንኳ ገና ከአለቃው ከአቶ ሽመልስ ጠረጴዛ ላይ ፊርማ ይጠብቅ ነበር።

በ2006 ዓ.ም. ቢሮው ስድስት አሮጌ ሰርቨሮቹን ጥሎ አንድ ትልቅ ሊገዛ ተነሣ። ቨርቹዋላይዜሽን የሚሉት ሶፍትዌር ይጫንበትና አንዱ ማሽን እንደ ስድስት ሆኖ ይሠራል፤ የልደቱም የቤት ይዞታውም መዝገብ እዚያው ይገባል። እንደሻው የሶፍትዌሩ አምራች ያወጣውን የተስማሚ ሰርቨሮች ዝርዝር ከኢንተርኔት ቤት አሳትሞ መጣ። ዝርዝሩ ላይ ያለ ሰርቨር ቢበላሽ አምራቹ ይረዳል፤ የሌለ ቢበላሽ ግን የራሳችሁ ጉዳይ ነው ይላል። ጨረታውን ያሸነፈው ሰርቨር ደግሞ የለበትም። ስሙ ይመሳሰላል፣ ዲስኮቹን የሚቆጣጠረው ካርድ ግን ሌላ ነው።

ይህንኑ እሱም ሰባተኛ አባል ለሆነበት ለግዢ ኮሚቴው ነገረ። ሰብሳቢው አቶ ሽመልስ መነጽራቸውን አውልቀው አዩት።

«እንደሻው፣ ገና ሳይገባ አታሟርትብን እንጂ።»

«ሟርት አይደለም። ዝርዝሩ ላይ የለም ነው የምልዎት።»

«ከሌለ እናስገባዋለና።»

አስገቡት። የት ቢሉ፣ ቃለ ጉባኤ ውስጥ። «ኮሚቴው ጉዳዩን በጥልቀት ከመረመረ በኋላ ሰርቨሩ ከሶፍትዌሩ ጋር ተስማሚ መሆኑን በድምፅ ብልጫ አጽድቋል» ተብሎ ተጻፈ። ስድስት እጅ ወጣ። ከስድስቱ አንዱ እንኳ ካርዱ በየት በኩል እንደሚሰካ አያውቅም፤ እጅ ማውጣቱን ግን ዕድሜ ለስብሰባ ተክነውበታል። እንደሻው ዕድገቱ ፊቱ ላይ ድቅን አለበት። ቢሆንም እውነቱን ተናግሮ የመሸበት ማደር ይሻላል ብሎ የልዩነት ሐሳቡ እንዲመዘገብለት ጠየቀ። ጸሐፊዋ ናፊያ «ሰርቨሩ ይበላሻል ብለዋል» ብላ ጻፈችለት፤ ፈረመበት። ከእንግዲህ ማንም አይነካኝም ብሎም ልቡ ረጋ፤ የዋህ!

ማሽኑ አራት ወር ሠራ። አቶ ሽመልስ ኮሪደር ላይ ባገኙት ቁጥር «ሟርተኛው፣ ደኅና ነህ?» ይሉት ነበር። በአምስተኛው ወር ማሽኑ የገዛ ዲስኮቹን አላውቃቸውም አለ። ሩቂያ የሚባሉ እናት የልጃቸውን የልደት ወረቀት ሊያወጡ ከገጠር ከድሬ ጠያራ ሦስት ጊዜ ተመላለሱ፤ ሦስቱንም ጊዜ «ሲስተም የለም» ተባሉ። እንደሻው አፍሮ ወደ ባለጉዳዮች መስኮት መቅረብ ተወ። የሶፍትዌሩ አምራች ዘንድ ሲደውል ስልኩን ያነሣው ሰው በትሕትና፣ ሰርቨሩ ዝርዝሩ ላይ ስለሌለ ልንረዳችሁ አንችልም አለው።

አቶ ሽመልስ ይህን ሲሰሙ ደማቸው ፈላ። «ምን ማለታቸው ነው? ቃለ ጉባኤውን አልላካችሁላቸውም?»

ኧረ ተልኳል! ተተርጉሞ፣ ክብ ማኅተም ተመትቶበት፣ ለአምራቹ ተላከ። ሰዎቹ ይሣቁ ያልቅሱ እንጃ፣ መልስ አልሰጡም።

ከዚያማ ጥፋተኛ የሚፈልግ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሰብሳቢው አሁንም አቶ ሽመልስ። ውሳኔው እንዲህ ይላል፦ ስድስቱ አባላት ስለ ጉዳዩ ዕውቀት ስላልነበራቸው አይጠየቁም። አቶ እንደሻው ግን ሰርቨሩ እንደሚበላሽ አስቀድመው እያወቁ ባለመከላከላቸው ዕድገታቸው ይያዝ። ለማስረጃም በገዛ እጃቸው የፈረሙበት የልዩነት ሐሳብ ተያይዟል። እንደሻው አቤት ቢል ማን ሊሰማው? አቤቱታውን የሚያየውም ያው ኮሚቴ ነው።

በዓመቱ ሌላ ሰርቨር ሊገዛ ሰባቱም ተሰበሰቡ። ናፊያ ብዕሯን አንሥታ ዞር አለችና በቀስታ ጠየቀችው።

«አቶ እንደሻው፣ ዝርዝሩን አይተውታል?»

አይቶታል። ይኸኛውም የለበትም።

«አላየሁትም» አለና እጁን ከሰው ጋር አወጣ። አቶ ሽመልስ ዕድገቱን በሳምንቱ ፈረሙለት።