ሁለት ሙሽሮችና አንድ አውራጅ

እኔ ነገር ካላወቅሁ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ አልክድም። የመንደሩ ሱቅ የእኔ ነው፣ ወሬውም መጀመሪያ የሚራገፈው እኔ ባንኮኒ ላይ ነው። ያን በጋ ግን ሰው ሁሉ የሚጠይቀውን እኔም አላውቅም ነበር፤ ትሮንዱር በሱኔቫ ሠርግ ያወርዳል ወይስ አያወርድም?

ትሮንዱር ጎረቤቴ ነው፣ በግ ያረባል። ቄሳችን ብዙ መንደር ስለሚያዳርሱ፣ እሳቸው በማይመጡበት እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ስብከቱን የሚያነብልን እሱ ነው። ሠርግ ሲሆን ደግሞ አውራጅ ነው። እጅ ለእጅ ተያይዘን ክብ ሠርተን ስንጨፍር፣ ያንን ማለቂያ የሌለው የድሮ ዘፈን እሱ ያወርዳል፣ እኛ እንቀበላለን። ሌላ መሣሪያ የለንም፤ ከበሯችን እግራችን ነው። ስንኙን ሁሉ የሚያውቀውም እሱ ብቻ ነው።

ሱኔቫ የእህቱ ልጅ ናት፤ እናቷ ስትሞት እሱ አሳደጋት። የምታገባው ቤይንታን ነው፣ ከጎረቤት ደሴት የመጣችውን አስተማሪ። አዎ፣ ሴት ናት።

ምክር ቤቱ ሴት ከሴት፣ ወንድ ከወንድ እንዲጋቡ በሚፈቅደው ሕግ ላይ ሲከራከር፣ የደሴት አገራችን ፋሮ በሙሉ ለሁለት ተከፍላ ነበር። ወንድማማቾች አንድ ጀልባ ላይ ተኮራርፈው ዓሣ ያጠምዱ ነበር፣ በስመ አብ! ትሮንዱር ዋና ከተማችን ቶርስሃውን ድረስ ሄዶ፣ ምክር ቤቱ ደጅ ላይ ዝናብ እየደበደበው ሕጉ እንዳያልፍ ጸልዮአል። ሱኔቫ ደግሞ በሬዲዮ ለሕጉ ተከራከረች። ጋዜጠኛው "ቤተ ክርስቲያንም እንድታጋባ ትገደድ?" ሲላት፣ "በፍጹም!" አለች። "እኔን ያሳደገኝ ሰው ቤተ ክርስቲያን ነው የሚያነበው። የእሱ አፍ በሕግ እንዲከፈት አልፈልግም። የእኔም በር በሕግ አይዘጋ፣ ሌላ ምን አልኩ?"

ያን ጊዜ ትሮንዱር በግ እያዋለደ፣ እኔም እያገዝኩት ነበር፤ ሬዲዮኑ በረቱ ውስጥ ተሰቅሏል። በጓን ለእኔ ትቶልኝ ወጣ። ተከትዬው "ምን ሆንክ?" ብለው፣ "ዓይኔ ውስጥ ገለባ ገብቶ ነው" አለኝ። የምን ገለባ!

ሕጉ አለፈ፤ ቤተ ክርስቲያን ግን አትገደድም ተባለ። ተገላገልን ስንል ሱኔቫ አጎቷን እዚሁ ሱቄ ውስጥ ያዘችው።

"አጎቴ፣ የሚያጋባን የመንግሥት ሹም ነው፤ ቤተ ክርስቲያንህን አልነካም። ጭፈራውን ግን አንተ ብታወርድልን..."

"እምቢ ብልሽስ?"

"አልቀየምህም። ሌላ አውራጅ ግን አልፈልግም።"

የጀልባ ካፒቴኑ ሃኑስ ከመደርደሪያው ኋላ ብቅ አለ። "ስማ ትሮንዱር፣ እዚያ ካወረድክ እሑድ ፊታችን ቆመህ እንዳታነብ። እኔና ቤተሰቤ አንመጣም። እኛም ነጻነት አለን።"

"አላችሁ" አለው ትሮንዱር። ትንባሆውን ኪሱ ከትቶ ወጣ።

የሠርጉ ዕለት አዳራሹ ጢም አለ። የደረቀው የበግ ሥጋ ተበላ፣ ንግግሩ አለቀ፣ ክቡም ተሠራ። ትሮንዱር የለም። ሱኔቫ በሩን በሩን ታያለች። አንድ ወጣት ላውርድ ብሎ ተነሳና ገና ከመጀመሩ ስንኙ ጠፋበት። ቤይንታ "ይቅር፣ ሙዚቃ እንክፈት" ስትል በሩ ተከፈተ። ትሮንዱር፣ የእሑድ ኮቱን ለብሶ!

ግራ ቀኝ ሳያይ ዘፈኑን ከተቋረጠበት አነሳና ወደ ክቡ ገባ። በእኛ ወግ ሙሽራው በሙሽሪት ግራ ይቆማል፤ አውራጁ ቀኝ እጇን ይዞ ይጀምራል። ትሮንዱርም ዕድሜ ልኩን ያደረገውን አደረገ፤ የሱኔቫን ቀኝ እጅ ያዘ። በቀኟ የቆመችው ግን ቤይንታ ነበረች። እጃቸውን አላቅቆ መሃላቸው ገባ!

አዳራሹ ክው አለ። "ጉድ ፈላ፣ ሊለያያቸው ነው የመጣው!" አለች አጠገቤ ያለችው ሴት። የሱኔቫ ፊት አመድ መሰለ። ትሮንዱር ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ፣ ገባው። ዘፈኑን አላቆመም። እያወረደ የሱኔቫን እጅ አነሳ፣ የቤይንታንም አነሳ፣ አንዱን በሌላው ላይ አድርጎ በሁለት እጁ ጨበጣቸው። ልክ ቄሶች መሠዊያው ፊት እንደሚያደርጉት። ከዚያ ዞሮ በሱኔቫ ግራ ተሰለፈ። እኛም ጣሪያው እስኪነቃነቅ ተቀበልነው፤ እኔ እያለቀስኩ ነው የተቀበልኩት።

እሑድ የእነሃኑስ ወንበር ባዶ ነበር፤ ሌሎችም የቀሩ ነበሩ። ትሮንዱር ድምፁ ትንሽ እየሻከረ እስከ መጨረሻው አነበበ። ሲወጣ ደጅ ጠብቄ ያዝኩት።

"ስለ ሕጉ ሐሳብህን ቀየርክ እንዴ?"

"ማን ስለ ሕግ አወራ?"

"እሺ፣ መሃላቸው የገባኸው አውቀህ ነው?"

"ተሳስቼ ነው።"

"እጃቸውን ማያያዝህስ?"

ባርኔጣውን አደረገና በክፍቱ በር ወደ ባዶዎቹ ወንበሮች አየ። "የለያየኋቸው እኔ" አለ። "ታዲያ ማን መጥቶ ያገናኝልኝ?"