ለሶር ወንዝ የሠራኋት ጀልባ

ዛሬ ጠዋት በር ስከፍት ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ከጀልባዬ ውስጥ በጆግ ውሃ ይቀዳሉ።

ክረምቱን ሙሉ ሳሎን ውስጥ ከኮምፔርሳቶ የሠራኋት ጀልባ ናት። ስንጥቋን ደፍኜ፣ ሰማያዊ የዘይት ቀለም ቀብቼ፣ ዛሬ ሶር ወንዝ ላይ እንደምቀዝፋት ለጓደኞቼ ሁሉ አውርቻለሁ። (ከፏፏቴው ራቅ ብሎ ነው፤ እማዬ፣ አትደንግጪ።)

ትናንት ቀለሙ ይድረቅ ብዬ ግቢ አወጣኋት። ዝናብ በማያባራበት መቱ ተወልጄ ያደግሁ ሰው፣ ሳልደፋት አሳደርኳት! ዝናቡ ጢም አድርጎ ሞላት።

የሰፈሩ ቧንቧ ደግሞ ውሃ ካቆመ ሰንብቷል።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ጀልባ ነው» አልኳቸው።

«ይሁን ልጄ፣ እኔም ለልብስ ማጠቢያ ነው። ጠብታ እንኳ አያፈስም፣ ገለቶሚ!» ብለው በኦሮምኛ እያመሰገኑ ሁለተኛውን ጀሪካን አቀረቡ።

እኔ የለፋሁት ውሃ እንዳታስገባ ነበር። እንዳታስወጣ አድርጌ ሠርቻታለሁ።

ጓደኞቼ ለቀዘፋ ሲመጡ የጀሪካኑ ሰልፍ ከግቢ ወጥቷል። አንዱ አይቶ ጀሪካን ሊያመጣ ተመለሰ።

እናንተስ፣ ለፍታችሁ የሠራችሁትን ነገር ሰፈሩ ለሌላ ጉዳይ አውሎባችሁ ያውቃል? ጻፉልኝ። ከገዛ ጀልባዬ ውሃ ልቀዳ ተሰልፌያለሁ፤ ተራዬ እስኪደርስ አነባለሁ።