አርባ ቀን፣ ሁለት ሺህ አራት መቶ ብር

ውድ ነው። ከመጀመሪያው ልናገርና ልገላገል፤ የወለተ ጊዮርጊስ ውስኪ ውድ ነው። አንዱ ጠርሙስ ሁለት ሺህ አራት መቶ ብር። ዕድሜው? አርባ ቀን። ይህን ስትሰሙ ፊታችሁ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ አራት ዓመት ሙሉ ያንን ፊት ሳይ ኖሬያለሁ። ይሳቅ እባላለሁ፣ ድሬዳዋ የቀፊራ ገበያ ደላላ ነኝ። ቤት አሻሽጫለሁ፣ ባጃጅ አሻሽጫለሁ፣ አንዴ እንዲያውም አንካሳ ግመል አሻሽጬ ገዢው እስከ ዛሬ ሰላም ይለኛል። እንደዚህች ሴት ጠርሙስ ምላሴን ያደረቀው ዕቃ ግን የለም።

"አቦ ዋጋሽን ቀንሺ!" እላታለሁ።

"አንተ ወሬህን ቀንስ" ትለኛለች።

ወለተ ጊዮርጊስ ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው። አባቷ የሺሚንደፈር ሰው ነበሩ፤ የባቡሩ ጥገና ክፍል ውስጥ መዳብ ሲቀጠቅጡ ነው ዕድሜያቸውን የጨረሱት። እሷ ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራች። ፋብሪካው ሠራተኛ ሲያሰናብት አንድ ወረቀት ሰጥተው ሸኟት። ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና፣ "ከእንግዲህ ዋጋዬን ሌላ ሰው አይነግረኝም" ብላ ወጣች። ይህን የነገረችኝ አብራት የተሰናበተችው ናዲፋ ናት፤ እሷ ራሷ እንዲህ ዓይነቱን አታወራም።

አባቷ ሲሞቱ የተዉላት ሁለት ነገር ነው። አንዱ በገዛ እጃቸው የሠሩት ትልቅ የመዳብ ድስት ከነጥምዝ ቧንቧው፣ ሌላው ከአንድ የግሪክ ነጋዴ መጋዘን የተረፈ ትንሽ የእንጨት በርሜል። በእነዚህ ሁለት ዕቃዎች ሳቢያን ሰፈር ያለው ግቢዋ ውስጥ ሥራ ጀመረች። ፈቃድ አወጣች፤ ፈቃዱ በመስታወት ተደርጎ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ የገባ ሁሉ ሳያነበው አይቀመጥም። ማሽላውን ከመልካ ጀብዱ ታስመጣለች፣ ብቅሉን ራሷ ታበቅላለች፣ ድፍድፉን ሁለት ጊዜ በመዳቡ ታወጣዋለች። ከዚያ የወጣው በርሜሉ ውስጥ አርባ ቀን ይቀመጣል።

"ለምን አርባ?" አልኳት አንድ ቀን።

"ወንድ ልጅ በስንት ቀኑ ነው ክርስትና የሚነሳው?"

"ኧረ ቄሶቹ እንዳይሰሙሽ!"

"ይስሙኝ። አባ ራሳቸው ጉንፋን ሲይዛቸው ልከው ያስወስዳሉ።"

የምታወጣውን ከሞላ ጎደል በሙሉ የሚገዛት አንድ ሆቴል ነበር፤ ስሙን ተዉት። ደንበኛውን ያመጣሁላት እኔ ነኝ፣ ዕቃውን በባጃጅ የማደርሰውም እኔ ነኝ፣ በየጠርሙሱ የማገኘው አለኝ። ደህና እየኖርን ሳለን ሆቴሉ አዲስ ሥራ አስኪያጅ ቀጠረ። አለምብርሃን ይባላል፤ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ በሰኔ ሙቀት ኮት የሚለብስ ልጅ። በመጣ በሳምንቱ ሳቢያን ድረስ መጣ።

"እትዬ፣ እርስዎ..." ብሎ ጀመረ።

"እርስዎ ማነው? ከኋላዬ ሌላ ሰው አለ እንዴ? ድሬ ነው ያለኸው፤ አንቺ በለኝ።"

ልጁ ደነገጠ። እንደምንም ምራቁን ውጦ ቀጠለ። "እሺ... አንቺ። እውነቱን ልንገርሽ። ትንሽ ብጨምር አሥራ ሁለት ዓመት የቆየ የውጭ ውስኪ ነው የምገዛው። ያንቺ ገና አርባ ቀኑ ነው። እንግዳ ስንት ዓመቱ ነው ብሎ ሲጠይቀኝ ምን ልበል? ይስቁብኛል። ወይ ዋጋውን በግማሽ ቀንሺ፣ ወይ ደግሞ..." ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አምስት ዓመት የቆየ ብለን እንጻፍበት። ያኔ ዋጋው እንዳለ ይሁን፣ እኔ ምን ቸገረኝ።"

እኔ በሆዴ ጎበዝ ልጅ አልኩ። እሷ ግን ተነሳች።

"አምስት ዓመት? በዚህ ሙቀት? አምስት ዓመት ባስቀምጠው አንተና እንግዶችህ የምትጠጡት በርሜሉን ነው! በአርባ ቀን ብቻ ስንት እንደሚተንብኝ ታውቃለህ? ብርድ አገር ያለ ውስኪ ተኝቶ ያረጃል። የኔ እያላበው ነው የሚያድገው። ወጣት ነው፤ ወጣት መሆን ነውር ነው እንዴ? አንተስ ስንት ዓመትህ ነው? ገና ሠላሳ አምስት አይሞላህም፣ ግማሽ ደመወዝ ይክፈሉህ?"

አለምብርሃን ጆሮው ቀላ። "እስከ ሰኞ አስቢበት" አለ። "ካልሆነ ከሐምሌ ጀምሮ አንወስድም።"

እንግዲህ አስቡት። ሆቴሉ ከተወን ሥራው አበቃ። መዳብ በኪሎ የሚገዛው ቡራሌ ከዓመት በፊት ጀምሮ በሩ ላይ እየመጣ፣ "ያ ድስት ከሥራ ሲወጣ እኔን እንዳትረሺኝ" ይላታል። የአባቷ ድስት ሚዛን ላይ ወጥቶ ሲቆራረጥ ታየኝ። ውሸት ምን ያደርጋል፣ የራሴም ድርሻ ታየኝ። ስለዚህ ሳልነግራት ማተሚያ ቤት ሄድኩና ሁለት መቶ ወረቀት አሳተምኩ። ወርቃማ ፊደል፣ ዳር ዳሩ ሐረግ፣ መሐሉ ላይ "አምስት ዓመት የቆየ" የሚል። ከዚያ ለአለምብርሃን ደወልኩለት፤ "ተስማምታለች፣ ሰኞ ጠዋት ና" አልኩት። ድለላ ማለት እኮ ይኸው ነው፤ ሁለቱም ሳይስማሙ ተስማምተዋል ትልና እስኪስማሙ ትጸልያለህ።

ሰኞ ጠዋት ስደርስ ወለተ ጊዮርጊስ ሁለተኛውን ማውጣት ልትጀምር እሳት እያቀጣጠለች ነበር። ወረቀቱን ሰጠኋት። መነጽሯን አደረገች፣ አነበበች፣ ገልብጣ ጀርባውን አየች።

"ያምራል" አለች።

"ያምራል አይደል?" አልኩ ደስ ብሎኝ።

ጥቅሉን እንዳለ እሳቱ ውስጥ ከተተችው። ሁለት መቶውንም! ወርቁ አረንጓዴ ነበልባል አወጣ፣ የቀለሙ ሽታ አስነጠሰኝ። ጮህኩ። "አብደሻል እንዴ! ገንዘቤን ነው እኮ!"

"እሳቱ ወረቀት ፈልጎ ነበር። ስማ ይሳቅ፣ ሰው ውድ ናት ይበለኝ፤ ደስ ይለኛል፣ እውነት ነው። ዋሸች ከሚለኝ ግን ይህን ድስት በገዛ እጄ ለቡራሌ እመዝንለታለሁ።" ያን ጊዜ አለምብርሃን በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሁሉንም ሰምቷል። ወደ እሱ ዞረች። "አንተ ልጅ፣ በዛ ያልከው ዋጋው ነው አይደል? ኮትህን አውልቅ። ዛሬ ውሃውን አንተ ትለውጣለህ። ማታ ላይ ዋጋውን ራስህ ትነግረኛለህ።"

እምቢ ይላል ብዬ ነበር። ኮቱን አውልቆ ሰጠኝ። እልኸኛ ነው ለካ።

ሥራው እንዲህ ነው። ከድስቱ የሚወጣው እንፋሎት በጥምዙ ቧንቧ ያልፋል፤ ቧንቧው ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ የሞላ ገንዳ ውስጥ ተነክሯል። ውሃው ከቀዘቀዘ እንፋሎቱ ጠብ ጠብ ይላል። ውሃው ከሞቀ ግን ልፋትህ ሁሉ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ደጋ ቢሆን ጠዋት የሞላኸው ውሃ ረጅም ሰዓት ይይዝልሃል። ድሬ ላይ ግን ውሃው ገና ከጋሪ ሲወርድ ሞቅ ያለ ነው! ውሃ ሻጩ ሃሺ በአህያ ጋሪው እየተመላለሰ ያመጣል፣ አለምብርሃን በጀሪካን ከበሩ ተሸክሞ ይገለብጣል፣ የሞቀውን ይቀዳል፣ ይደፋል፣ እንደገና ይሸከማል። እኔ ኮቱን ይዤ ኒም ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥኩ።

ገና መውጣት ሲጀምር የመጀመሪያውን ጣሳ አንስታ ግቢው ጥግ ደፋችው።

"ኧረ ምን እያደረግሽ ነው!" ብሎ ጮኸ አለምብርሃን።

"መጀመሪያ የሚወጣው አይጠጣም፤ ዓይን የሚያጠፋው እሱ ነው። ይህን የማይደፋ ሰው በርካሽ ይሸጥልሃል። ርካሹን ከፈለግህ የት እንዳለ ይሳቅ ያውቃል።"

አንገቴን ደፋሁ። አውቃለሁና።

ስድስት ሰዓት ላይ ሸሚዙ ከገላው ተጣበቀ። ሰባት ሰዓት ላይ፣ "ለምን በማታ አታወጪውም? ይቀዘቅዛል እኮ" አለ እያለከለከ።

"በማታ ማን ውሃ ያመጣልኛል? የሃሺ አህያ ትተኛለች።"

"ወላሂ ትተኛለች" አለ ሃሺ ከጋሪው ላይ።

ስምንት ሰዓት ላይ ቧንቧው ላይ የያዘውን ነጭ የውሃ ቅርፊት በሎሚ አሳሸችው። መዳፉ ተልጦ ነበርና ሎሚው ሲነካው ዘለለ። እሷ አልሳቀችም። ጨርቅ አምጥታ እጁን ጠቀለለችለትና ጀሪካኑን መልሳ ሰጠችው። አሥራ አንድ ጊዜ ውሃ ለወጠ። አሥራ አንድ! አሥር ሰዓት ላይ የመጨረሻውን ደካማውን ለይታ ለሚቀጥለው ጊዜ አስቀመጠች፤ የቀረው መሐለኛው ብቻ ነው። ለክተን ስናየው ስምንት ጠርሙስ ይሞላል። ያውም በርሜሉ ድርሻውን ሳይወስድ።

"በል እንግዲህ" አለችው። "ዋጋ ጥራ።"

አለምብርሃን የወጣው የተጠራቀመበትን ማሰሮ አየ፣ ጣሳው የተደፋበትን መሬት አየ።  

"እጄን የት ልታጠብ?" አለ በመጨረሻ።

"በምን ውሃ? ጨርሰኸዋል እኮ!"

ሳቀ። ኮቱን ከእኔ ተቀብሎ ትከሻው ላይ ጣለና ሄደ። እሺም አላለ፣ እምቢም አላለ። ሳምንቱን ሙሉ ስልክ አልደወለም። ቡራሌ ረቡዕ ዕለት ሚዛኑን ይዞ መጣ፤ ማን እንደነገረው እንጃ። በሩን ሳትከፍት፣ "ገና በሥራ ላይ ነው!" ብላ መለሰችው። ድምፅዋ ግን እንደ ወትሮው አልነበረም። ያን ዕለት ስለ ዋጋ ምንም አልተናገርኩም።

ቅዳሜ አርባ ቀኑን የሞላውን ጠርሙስ ጭኜ ሆቴሉ ሄድኩ። ከተዉን የመጨረሻ ጭነታችን ነው። ጠርሙሶቹ ላይ እንደ ሁልጊዜው ፕላስተር ተለጥፎ የወጣበት ቀን በእጇ በእስክሪብቶ ተጽፏል። አለምብርሃን መጠጥ መደርደሪያው ጋ ቆሞ ነበር። ሳይቆጥር ተረከበኝ፤ አንዱን ከፍቶ ከውጭ ውስኪዎቹ አጠገብ አቆመው። አንድ ወፍራም እንግዳ ጠርሙሱን ጠቆመ።

"ይሄ የት ነው የሚሠራው? ስንት ዓመቱ ነው?"

"እዚሁ ድሬ። አርባ ቀኑ ነው" አለ አለምብርሃን።

"አርባ ቀን! ዋጋውስ?" ነገረው። ሰውዬው ፊቱን ቋጠረ፤ ያ የማውቀው ፊት። "በአርባ ቀን ይህን ያህል? ምን ጉድ ነው እናንተ ዘንድ!"

አለምብርሃን የተላጠ መዳፉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። "ሰኞ ጠዋት ሳቢያን እንሂድ፤ ውሃውን እንዴት እንደሚለውጡት አሳይሃለሁ። አሁን ከበዛብህ ቢራ አለ።"

ሰውዬው ቢራ አዘዘ። አለምብርሃን ግን ፈገግ ብሎ ወደ እኔ ዞረና፣ "ለሐምሌም እንደተለመደው በላት። በዚያው ዋጋ" አለኝ።

ሳቢያን የደረስኩት እየበረርኩ ነው። ድስቱን በአመድ እያሸች አገኘኋት። ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኳት። ስለ እንግዳው ስነግራት፣ "ይጠጣ፣ ቢራም ሰው ለፍቶበታል" አለች። ከዚያ ማሸቷን አቆመች።

"ልጁ ግን ዋጋውን ቀነሰ?"

"አልቀነሰም አቦ! አንድ ብር እንኳ!"

አመድ ባለው እጇ ዓይኗን ጠረገች። አባቷ የሠሩትን ድስት ሁለቴ መታ መታ አደረገችው። እኔም ልቤ ተነክቶ፣ "እንግዲህ እኔም ብሆን ለዚህ ሥራ ስንት ለፋሁ" አልኩ። ቀና ብላ አየችኝ። 

"ይሳቅ፣ አራት ዓመት በየጠርሙሱ ወስደሃል። ስንት ቀን ውሃ ለወጥህ?"

 ምላሴ፣ ያ ግመል የሸጠው ምላሴ፣ አፌ ውስጥ ተኛ። ጀሪካኑን በእግሯ ገፋ አድርጋ ወደ እኔ አስጠጋችው።

"ሰኞ በሁለት ሰዓት። ኮት አትልበስ።"